የከተማው ብድር የእኛም ብድር ነው



ዛሬ የምጽፈው ስለ ገንዘብ ነው። ስለ አርኖና፣ ስለ ከተማው ብድር፣ መንገድና ጋን ከየት በመጣ ገንዘብ እንደሚሠራ። «ይሄ የፈረንጆች ጉዳይ ነው፣ እኛ ምን አገባን» ብላችሁ እንዳታልፉት እለምናችኋለሁ። ከማንም በላይ የሚያገባን እኛን ነው።

መጀመሪያ ግን የሰለቸኝን አንድ ቃል ልናገር፤ «ሠሩልን» የሚለውን። አዲስ ጋን ሲከፈት፣ የማትናስ ጣሪያ ሲታደስ፣ መናፈሻ ላይ ዥዋዥዌ ሲተከል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ተጠርተው ይመርቃሉ። «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ አሰቡልን፣ ሠሩልን» ይባላል። ምርቃቱ መልካም ነው፤ ያደግንበት ነው። ግን እስቲ ልጠይቅ፤ በማን ገንዘብ ነው የተሠራው? ሪባኑን የቆረጠው ሰው ከኪሱ አንድ ሼቄል አላወጣም። ከፋዮቹ እናንተ ናችሁ። የከፈለ ሰው ማመስገን የለበትም አልልም። የከፈለ ሰው ግን ደረሰኝ ይጠይቃል። እኛ አርባ ዓመት ሙሉ አመሰገንን እንጂ ደረሰኝ አልጠየቅንም።

በአገራችን ግብር የሚሰበስበውን ሰው በስሙ እናውቀው ነበር። ጭቃ ሹሙ ደጃፍ ድረስ ይመጣል። መሬቱ የሌላ ሰው ስለነበረ ብዙዎቹ አባቶቻችን ካረሱት ላይ ለባለመሬቱ እያካፈሉ ነው የኖሩት፤ በ1975 ደርግ የመሬት አዋጁን እስኪያወጣ ድረስ። ከተማ የኖረ ደግሞ የጣሪያና ግድግዳ ግብር የሚባለውን ያውቃል። አርኖና የዚያ ዘመድ ነው። የሚሰላው በቤቱ ስፋትና ዓይነት፣ ቤቱም ባለበት ቦታ ነው። ግን አንድ ትልቅ ልዩነት ልብ በሉ። አርኖና የሚከፍለው ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ ቤቱን ይዞ የሚኖርበት ሰው ነው። በአሚዳር ቤት የሚኖረው፣ ከግለሰብ የተከራየው፣ ማሽካንታ የሚከፍለው፣ ሁሉም ከፋይ ነው። ስለዚህ «የራሴ ቤት የለኝም፣ ከተማው አይመለከተኝም» ማለት አይቻልም። ቤት ባይኖራችሁም ከተማው ውስጥ ድርሻ አላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ማዘጋጃ ቤቱ፣ ዒሪያ የምንለው፣ ሁለት ቦርሳ አለው።

አንደኛው ቦርሳ መደበኛው በጀት ነው። ከዚህ የሚወጣው የየዕለቱ ነው፤ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የቆሻሻ መኪና፣ የመንገድ መብራት፣ የትምህርት ቤት ጽዳት፣ የሬቫኻ አገልግሎት። አርኖናችሁ የሚገባው እዚህ ውስጥ ነው፤ መንግሥትም ይጨምርበታል።

ሁለተኛው ቦርሳ ታባር ይባላል፤ ከመደበኛው ውጭ የሆነ በጀት ማለት ነው። ትምህርት ቤት ሲሠራ፣ መንገድ ሲቀየር፣ ስታዲየም ሲታደስ፣ ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱ ታባር ይከፈታል። ታባሩን የከተማው ምክር ቤት፣ ሞአጻ የምንለው፣ ድምፅ ሰጥቶ ያጸድቀዋል፤ ከዚያ የሚስራድ ሃፕኒም ፈቃድ ያስፈልገዋል። እኛ የምናውቀው የመጀመሪያውን ቦርሳ ነው፤ ደብዳቤው በየሁለት ወሩ ስለሚመጣ። የሠፈራችን ዕጣ የሚወሰነው ግን በሁለተኛው ነው።

ታባር ውስጥ ገንዘብ የሚገባበት ዋና ዋና በር አራት ነው። አንዱ የመንግሥት ሚኒስቴሮች ናቸው፤ ለክፍል ግንባታ የትምህርት፣ ለመንገድ የትራንስፖርት። ሁለተኛው ሚፍዓል ሃፓይስ ነው። ከ1951 ጀምሮ ሎተሪ እየሸጠ ትርፉን ለከተሞች ግንባታ ይሰጣል። በየሳምንቱ ከኪዮስኩ ሎቶ የሚገዙት ጎረቤቴ ዕጣው አልወጣላቸውም፤ ግን የሆነ ቦታ የሆነ የስፖርት አዳራሽ እየሠሩ ነው፣ ራሳቸው ሳያውቁት! ሦስተኛው ሄቴል የሚባለው የልማት ክፍያ ነው። አራተኛው ብድር ነው። ሦስተኛውንና አራተኛውን በደንብ እንያቸው፤ ጉዳችን ያለው እዚያ ነው።

ሄቴል ማለት ባለ ንብረቱ ወይም ገንቢው ለመንገድ፣ ለእግረኛ መንገድ፣ ለጎርፍ መውረጃ፣ ለክፍት ቦታ በካሬ ሜትር የሚከፍለው ነው። ሄቴል ሃሽባኻ የሚባልም አለ። ከተማው አዲስ ፕላን አውጥቶ የቦታው ዋጋ ከጨመረ፣ ከጭማሪው እኩሌታውን ዒሪያው ይወስዳል። አዲስ ሠፈር ሲመሠረት ታዲያ ገንዘቡ አብሮ ይመጣል። የመንግሥት መሬት ለኮንትራክተር ሲሸጥ የልማቱ ወጪ ይጨመርበታል፤ ያም በመጨረሻ ቤቱን ከሚገዛው ሰው ይወጣል። ስለዚህ በባሕሩ በኩል አዲስ ፎቅ ሲቆም መንገዱም ዛፉም መብራቱም አብሮ ይቆማል። ከፋይ አለዋ!

የድሮው ሠፈርስ? በኦልጋ፣ በቤት ኤሊዔዜር፣ በፔኤር ያሉት የቆዩ ብሎኮች መንገዳቸው አንድ ጊዜ ተሠርቷል፤ ያኔ ተከፍሎበታል። ሄቴል የሚሰበሰበው ለአዲስ ሥራ እንጂ የተሰነጠቀውን ለመጠገን አይደለም። ስለዚህ አዲስ ግንባታ በሌለበት ሠፈር አዲስ ከፋይም የለም። የድሮ ሠፈር ተስፋው የመንግሥት ገንዘብ፣ ፓይስ፣ ወይም ብድር ነው። እነዚህ ደግሞ በራሳቸው አይመጡም። አንድ ሰው ጠይቆ፣ ተከራክሮ፣ ሞአጻ ውስጥ እጅ አስወጥቶ ነው የሚያመጣቸው።

ይህን የምለው ለምን እንደሆነ ይግባችሁ። ወጣቶቻችን አዲሱንና አሮጌውን ሠፈር እያነጻጸሩ «ዘረኝነት ነው» ይላሉ። ዘረኝነት የለም አልልም፤ እኔም በዚህ አገር ነው ያደግሁት፣ ቆዳዬም ያው ነው። ግን ማንም ሳይጠላን፣ ማንም ክፉ ሳያስብብን፣ ገንዘቡ በራሱ መንገድ ሄዶ እኛን ሊዘለን ይችላል። ውሃ ወደ ቁልቁለት እንደሚሄደው ነው። ውሃን ስለ ተሳደብነው ወደ ማሳችን አይመጣም። ቦይ መቆፈር ያስፈልጋል።

ወደ ብድሩ ልምጣ። አርኖና በየዓመቱ የሚጨምረው መንግሥት ባወጣው ስሌት ነው፤ ግማሹ በኑሮ ውድነት፣ ግማሹ በመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ይለካል። ከዚያ በላይ ለመጨመር የአገር ውስጥና የገንዘብ ሚኒስትሮች መፍቀድ አለባቸው። ከንቲባ እንደፈለገ አርኖና መጨመር ስለማይችል፣ ትልቅ ሥራ ሲያስብ ወደ ባንክ ይሄዳል። ለዚህም የሞአጻና የሚስራድ ሃፕኒም ፈቃድ ይፈለጋል። ከዚያ በኋላ ብድሩ የሚከፈለው ከየትኛው ቦርሳ ይመስላችኋል? ከመጀመሪያው! ከአርኖናው ቦርሳ።

ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ከተማ 15 ሚሊዮን ሼቄል ለ15 ዓመት ተበደረ እንበል። ወለዱን ሳንቆጥር በየዓመቱ 1 ሚሊዮን ከመደበኛው በጀት ይወጣል። ዛሬ ጋን የገባው የልጅ ልጃችሁ ወታደር ሲሆን ብድሩ ገና እየተከፈለ ነው። በከተማው በጀት ውስጥ ይህ የራሱ መስመር አለው፤ ፔራዖን ሚልቮት ይባላል፣ የብድር ክፍያ ማለት ነው። ፈርዖን አላልኩም! ግን ካልተጠነቀቅን እሱም እንደ ፈርዖን ጡብ ያስቆጥረናል።

ብድር በራሱ ክፉ አይደለም። ትምህርት ቤት አርባ ሃምሳ ዓመት ያገለግላል፤ የሚገለገሉበት ሁሉ በየዓመቱ ቢከፍሉት ፍትሕ ነው። ግፉ ሌላ ነው። ግፉ አንዱ ሠፈር ሲገለገል ሁለቱም ሠፈር መክፈሉ ነው። የኦልጋዋ እናት እሷ የማትደርስበትን መናፈሻ ብድር ለ15 ዓመት ከፍላ፣ በራሷ ደጃፍ ግን የሚሰነጠቅ አስፋልት ካለ፣ ያ ብድር አይደለም፣ ስጦታ ነው። ከደሃ ለሀብታም የሚሰጥ ስጦታ።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ በሥራዬ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። «እነሱ እኮ በሃናኻ ነው የሚኖሩት፤ አርኖና እንኳ በደንብ አይከፍሉም፣ ምን ይጠይቃሉ?» ይባላል። ሦስት መልስ አለኝ።

አንደኛ፣ ሃናኻ የከንቲባ ምጽዋት አይደለም፤ በ1993 በወጣ የመንግሥት ደንብ ላይ የቆመ ነው። ለአዲስ ገቢ፣ ለአረጋዊ፣ ለአካል ጉዳተኛ፣ ልጆቹን ብቻውን ለሚያሳድግ፣ ለማንም ነው። ቆዳ አይመርጥም። የሩሲያውም የፈረንሳዩም አዲስ ገቢ ያገኘዋል።

ሁለተኛ፣ ከተማ የሚኖረው በመኖሪያ ቤት አርኖና አይደለም። ፋብሪካ፣ ሱቅና ቢሮ በካሬ ሜትር የሚከፍለው ከመኖሪያ ቤት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ባለ ቪላውም ጭምር ብዙውን ጊዜ ከሚከፍለው በላይ አገልግሎት ያስወጣል። ይህን የማውራው ከራሴ አይደለም። በ2023 የአርኖና ፈንድ የሚባለው ሕግ ሲወጣ የገንዘብ ሚኒስቴር ክርክር ይሄው ነበር፤ መኖሪያ ቤት ለከተሞች ኪሳራ ስለሆነባቸው ቤት መሥራት አይፈልጉም፣ ስለዚህ ከንግድ አርኖና ላይ ተወስዶ ለሚገነቡት ይሰጥ ነው የተባለው። ከተሞቹ በዚያ ጊዜ አድማ መቱ። ታዲያ የፋብሪካው አርኖና የማን ነው? የባለ ቪላው ብቻ ነው? የሐደራ የወረቀት ፋብሪካ ከ1950ዎቹ ጀምሮ አለ። የኤሌክትሪኩ ጣቢያ ጭስ ማውጫዎች፣ ረጅሙ 300 ሜትር የሆነው፣ ከኦልጋ ዳርቻ ይታያሉ። በከተማው ፋብሪካዎች የሌሊት ፈረቃ የሠራው፣ ወለል የጠረገው ማን ነው? አባቶቻችንና እናቶቻችን አይደሉም እንዴ? ከኢንዱስትሪ የሚገባው ገንዘብ የከተማው ሁሉ ነው፤ ጭሱም የሁሉ እንደነበረ።

ሦስተኛ፣ ሃናኻ ያለው ሰውም ቀሪውን ይከፍላል፤ የሌለው ሙሉውን ይከፍላል። ልጆቻችን ዛሬ መሐንዲስ፣ ነርስ፣ መኮንን ናቸው። «አይከፍሉም» የሚለው ወሬ የትናንት ወሬ ነው።

አሁን ስለ ሙያዬ ላውራ። ማኅበራዊ ሠራተኛ ነኝ። የሬቫኻ ገንዘብ እንዴት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ? ሚኒስቴሩ 75 ከመቶ፣ ከተማው 25 ከመቶ ነው። ይህ ማለት ከተማው አንድ ሼቄል ካወጣ መንግሥት ሦስት ይጨምርበታል። ከተማው አንዱን ካላገኘ ግን ሦስቱም ይቀራል። የብድር ክፍያው ሲያብጥ መጀመሪያ የሚጎድለው ይህ 25 ነው፤ ባንክ አይጠብቅም፣ አሮጊት ግን ይጠብቃሉ። ለአረጋውያን መዋያ፣ ለተቸገረ ወጣት፣ በቤቱ ለታመመ ሽማግሌ የሚሆነው ገንዘብ የሚያልቀው እንዲህ ነው። «ብድር» ስል የሩቅ ነገር የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ የእናታችሁ ረዳት ሰዓት የተቀነሰው ምናልባት በዚሁ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል አስቡ።

ሌላው የሚያታልለን ነገር «ለኢትዮጵያውያን ልዩ ፕሮጀክት» የሚባለው ነው። በ2016 ዴሬኽ ሐዳሻ የሚል የመንግሥት ዕቅድ ወጣ፤ የ2015ቱ ሰልፍ ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ከዚያ በፊትም ሌሎች ነበሩ። ልዩ በጀት አልቃወምም። ግን ልዩ በጀት ማለቂያ ቀን አለው፤ ታባር የሠራው ሕንጻ ግን ይኖራል። ልዩው በመደበኛው ላይ ካልተጨመረ፣ በመደበኛው ፋንታ ከገባ፣ እኛ ምንም አላገኘንም። የሌላው ልጅ ከከተማው በጀት ሲማር የእኛ ልጅ «ከኢትዮጵያውያን ፕሮጀክት» ተማረ፤ ከዚያም «ስንቱን ሰጠናቸው» ይባልብናል! ስለዚህ ጥያቄያችን «ለእኛ ልዩ ስጡን» መሆን የለበትም። «ከፋይ ነን፣ ድርሻችንን አሳዩን» መሆን አለበት።

በአሜሪካ ብዙ ከተሞች ውስጥ ለትምህርት ቤት ወይም ለመንገድ ትልቅ ብድር ከመወሰዱ በፊት ነዋሪው በድምፅ መስጫ «አዎ» ወይም «አይ» ይላል። በእኛ አገር እንዲህ የለም። እዚህ የሚወስነው ሞአጻው ነው፤ ሞአጻውን የምንመርጠው ደግሞ በአምስት ዓመት አንዴ ነው። ያለፈው በየካቲት 2024 ነበር፤ የሚቀጥለው በ2028 ነው። እስከዚያ ድረስ ዝም ብለን እንቀመጣለን? ምርጫ ሲደርስ ተወዳዳሪው ቡና ሊጠጣ ይመጣል፣ «እወዳችኋለሁ፣ እንጀራ እወዳለሁ» ይላል። እኛም እናጨበጭባለን። እንጀራ መውደዱን ተዉት። የትኛውን ታባር እንደሚያመጣ ጠይቁት!

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይሉ የለ አባቶቻችን? ስለዚህ የሚደረገውን ልዘርዝር፤ አንዱም ገንዘብ አይጠይቅም።

የሞአጻ ስብሰባ በወር ቢያንስ አንድ ጊዜ ይደረጋል፤ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ቃለ ጉባኤውም ይወጣል። አሥር ሽማግሌዎች ነጠላቸውን ለብሰው ቢቀመጡ ማንም አያስወጣቸውም። ዕብራይስጥ የሚችል ወጣት ይዛችሁ ሂዱ። አንድም ቃል ባትናገሩ መታየታችሁ ራሱ ንግግር ነው።

በ1998 የወጣ የመረጃ ነፃነት ሕግ አለ። ማንኛውም ዜጋ ለዒሪያው ጽፎ «ባለፉት አምስት ዓመታት የጸደቁት ታባሮች በየትኛው ሠፈር ዋሉ? ስንት ብድር አለ? በዓመት ስንት ይከፈላል?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ዒሪያው ይሰርቃል አላልኩም። ምናልባት መልሱ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ በእውነት እናመሰግናለን። ካልሆነ ግን በወረቀት ይዘን እንነጋገራለን። አንድ ልመና ደግሞ እጨምራለሁ፤ ይህ ዝርዝር በአማርኛም ይውጣ። የክፍያ ደብዳቤው ደጃችን ከደረሰ መልሱም ሊደርስ ይገባል።

የራሳችንንም ቤት እናጽዳ። አርኖና የሚመጣበትን ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ የሚከቱ ብዙ ቤተሰቦች አይቻለሁ። ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ዝም አይልም፤ ወለድ ይወልዳል። ከተማ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ የባንክ ሒሳብ ማገድ ይችላል፤ ኢኩል የሚባለው። ቤቱን ለልጅ ለማዛወር ወይም ለመሸጥ ደግሞ ታቡ ላይ ለመጻፍ ከዒሪያው ዕዳ የለበትም የሚል ወረቀት ያስፈልጋል። ዕዳ ካለ ውርሱ እዚያ ይቆማል።

ሃናኻ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ካልጠየቁት አይመጣም። ከቢቱዋህ ሌኡሚ የእርጅና ጡረታ ከሃሽላማት ሃኽናሳ ጋር የምትቀበሉ፣ ቅናሹ እስከ 100 ካሬ ሜትር ድረስ ሙሉ ሊሆን ይችላል። ብቻውን ልጅ የሚያሳድግ እስከ 20 ከመቶ፣ አዲስ ገቢ ከመጀመሪያዎቹ 24 ወራት ውስጥ ለ12 ወር እስከ 90 ከመቶ ነው። ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብም በገቢና በቤተሰብ ብዛት የሚሰላ አለ። ሃናኻ ያገኘ ሰው ቀሪውን እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ፣ እስከ 31 ዴሴምበር፣ ካልከፈለ ሃናኻው ሊሰረዝበት ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤውን አውጡት፤ የሚያነብላችሁ ከሌለ ወደ ማኅበራዊ ሠራተኛ ወይም ወደ ማትናስ ይዛችሁ ሂዱ። ትንሽ ልጅ አስተርጓሚ አታድርጉት፤ የቤቱን ዕዳ መሸከም የልጅ ሥራ አይደለም።

እናንተ በረሃ አቋርጣችሁ፣ ልጅ በመንገድ ቀብራችሁ እዚህ የደረሳችሁ ሰዎች ናችሁ። ከሱዳን ያልፈራ ሰው የከተማ ምክር ቤት ወንበር ሊፈራ አይገባውም። የሚቀጥለው ዓመት በጀት ውይይት ሲደርስ አዳራሹ ባዶ እንዳይሆን። ሐደራ ተቀምጠን አደራ መባባል ያምርብናል፤ እና አደራ፣ ደረሰኙን ጠይቁ።